እርማት፦ ፒንቦል የሚዘገየው ለማስወደድ አይደለም

ወንድሜ፣ ፒንቦል (በመስታወት በተሸፈነ ሰሌዳ ላይ የብረት ኳስ እየመቱ የሚጫወቱበት ማሽን) ላይ «ፒንቦል ማሽን የሚያዘገዩት ሆን ብለው ዋጋ ለማስወደድ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ደሴ ላይ ጆተኒ ብታሠራ እንጨትና ብረት ከተገኘ አለቀ። ፒንቦል ግን አንዱ ማሽን ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዕቃ አለው፤ ሽቦው፣ ላስቲኩ፣ መብራቱ፣ ማግኔቱ፣ እና አንዷ ቁራጭ ካልመጣች መገጣጠሙ ሊቆም ይችላል። የአሜሪካው ፒንቦል ሠሪ ኩባንያ ጀርሲ ጃክ በፈረንጅ 2011 ተመሥርቶ የመጀመሪያ ማሽኑን ለደንበኛ ማድረስ የጀመረው 2013 ነው፤ ቀድመው የከፈሉትን ሰዎች አስባቸው እስቲ! የፊልም ስም ካለበት ደግሞ ለሥዕሉም ለድምፁም የባለመብቱ ፈቃድ ይጠበቃል። ሌላው የአሜሪካ ፒንቦል ሠሪ ስተርንም አንዱን የማሽን ዓይነት በዙር ሠርቶ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ኋላ ይመለስበታል። «አለቀ» ሲሉህ ብዙ ጊዜ ቀጣዩ ዙር አልደረሰም ማለት ነው። ቁጥሩ የተገደበው እትም ግን እውነትም ያልቃል፣ እዛ ላይ አልከራከርህም።