ጠጅ ቤት የማይደርስ የጠጅ ቅምሻ

ሰሞኑን በአስጎብኚዎች መንደር አንድ ሐሳብ እግር እያወጣ ነው። ለሁለት ለሦስት እንግዳ በግል የሚዘጋጀው የአዲስ አበባ የምሽት ጉብኝት፣ የአገር ባህል መጠጥ ቅምሻውን ከጠጅ ቤትና ከጠላ ቤት አውጥቶ ሆቴል ውስጥ በታሸገ መጠጥ ያድርገው ነው የሚባለው። ሰበቡ ንጽሕና ነው። ከሐሳቡ ደጋፊዎች አንዱማ ይባስ ብለው፣ የታሸገ ጠጅ ምን ጊዜም አንድ ዓይነት ጣዕም ስላለው ለእንግዳ የሚመረጠው እሱ ነው ብለዋል።

ሌላው ክርክራቸው ይቆየንና በዚህችው እንጀምር። ምን ጊዜም አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ምኑ ይቀመሳል?

ጠጅ ሲጣል አንድ እጅ ማር በሦስት፣ በአራት፣ ሲበዛ በአምስት እጅ ውኃ ይበጠበጣል። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፣ ብርዙ ይገባል፣ አፉ በጨርቅ ይታሰራል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሰፈፉ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። ቀጥሎ ከብርዙ ጥቂት ይቀነስና ከእንጨት ጌሾ ጋር ተቀቅሎ ወደ ጋኑ ይመለሳል። (ቅጠሉ ለጠላ ነው፣ እንጨቱ ለጠጅ። ይህን ሳይለይ ለእንግዳ «ሆፕስ (ቢራን የሚያመርረው ተክል) ማለት ነው» ብሎ የሚያልፍ አስጎብኚ ስንት አለ!) ከዚያ በኋላ ሥራው የእርሾው ነው። በሞቃት አገር ሳምንት ሳይሞላው ይደርሳል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለው ብርድ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ጣፋጩ ዕለት በዕለት ይቀንሳል፣ አልኮሉ ይጨምራል፣ የጌሾው ምሬት እየጎላ ይመጣል። ዛሬ የተቀዳውና ከአራት ቀን በኋላ የሚቀዳው ከአንድ ጋን ወጥተው ሁለት መጠጥ ናቸው።

አሳላፊው «ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ?» የሚለውም ለዚህ ነው። ሦስቱ የተለያዩ የአጣጣል ዓይነቶች አይደሉም፤ አንዱ ጠጅ በሦስት ዕድሜው ነው። ጥሩ ጠጅ ቤት በየተራ የተጣሉ ጋኖች ስላሉት ሦስቱንም ባንድ ጠረጴዛ ላይ ያቀርባል። ቅምሻ ማለት ይህ ነው፦ ሦስት ብርሌ ጎን ለጎን፣ ከለስላሳው ተነስቶ ወደ ደረቁ፣ በመሀሉ አንድ እፍኝ ቆሎና አንድ ጉንጭ ውኃ። እንግዳው በሦስተኛው ላይ ፊቱን ሲያጨማድድ፣ ጣፋጩ የት ሄደ ብሎ ሲጠይቅ፣ አስጎብኚው ወደ ጋኑ ያሳየዋል። በሆቴሉ ግን አንድ ጠርሙስ ይከፈታል፣ በወይን ብርጭቆ ይቀዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። ይህ ቅምሻ ከሆነ አውሮፕላን ላይ የሚታደለው ጭማቂም ቅምሻ ነው።

ደግሞስ ጠጅ እንዴት ነው ታሽጎ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቆየው? እርሾው በሕይወት እያለ፣ ጣፋጩም ሳያልቅ ክዳኑ ከተጠበቀ ጋዙ መውጫ ያጣል። ጠርሙሱ ሲከፈት ግማሹ ጣሪያ ላይ ይረጫል፤ ሲብስም ራሱ ይፈነዳል። ስለዚህ አሻጊው ያለው ምርጫ የታወቀ ነው፦ ወይ አሙቆ እርሾውን ይገድላል፣ ወይ እስኪጠራ ያጣራዋል፣ ወይ ጣፋጩ ጨርሶ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሲሞቅ የማሩ ሽታ ይሸሻል። ሲጣራ ያ ደመናማው ቢጫ አብሮ ይወጣል። እንዲህ ተደርጎ የተሠራው መጥፎ መጠጥ ነው የሚል የለም፤ ለስጦታ ሻንጣ ውስጥ ከቶ አገር ለሚያሻግረው ሰው ከሱ የተሻለ የለም። ጠጅ ቤትን ይተካል ማለት ግን የታሸገ ቡና ጠጥቶ የቡና ሥነ ሥርዓት አየሁ እንደ ማለት ነው። «ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ» ያለው ሰው ዕቃውን አብሮ የጠራው ለማሳመር ብቻ አልነበረም።

ንጽሕናውን ግን እንመልከተው፤ ንጽሕናን የሚያነሱት ሰዎች ጠጅ ቤት ገብተው ያዩ አይመስሉም እንጂ። ጠጁ ራሱ ኮምጣጣ ነው፣ አልኮል አለው፣ ጌሾ አለው፤ በሽታ አምጪ ተህዋስ የሚፋፋበት ቤት አይደለም። አደጋ ካለ ያለው በዕቃው ላይ ነው። የብርሌ አንገት ጠባብ ነው፣ ጣትም ጨርቅም አያስገባም። በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ ተደርጎ የሚመለስ ብርሌ ሆዱ ውስጥ፣ ከታች ከመቀመጫው ዙሪያ፣ ቀለበት የመሰለ ቢጫ መስመር ያበጃል። ባዶውን ብርሌ ወደ አምፖሉ አንስቶ ማየት አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። መስመሩ ካለ ይመለሳል። በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ በራሱ የደረቀ ብርሌ ጥርት ይላል፤ በጨርቅ የተወለወለ ብርሌ ግን ከውጭ ያብለጨልጫል እንጂ ከውስጥ ምኑም አልተነካ። የአፉንም ዳር በጣት መዳሰስ ነው፤ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ፣ ከንፈርም ይቆርጣል። እንዲያም ሆኖ ያልተማመነ አስጎብኚ ስድስት ትንንሽ ብርጭቆ በቦርሳው ይያዝ። ችግሩ የሚፈታው በስድስት ብርጭቆ ሆኖ ሳለ ጠጅ ቤቱን በሙሉ ከካርታው መፋቅ ምን የሚሉት ነው?

ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ እያለ ማንም አይጠይቅም። ጥያቄው ማር ነው ወይስ ስኳር የሚለው ነው። ማር ሲወደድ ስኳር ጋን ውስጥ ይገባል፣ ቀለምም ይከተለዋል። በስኳር የተጣለ ጠጅ ጣፋጭነቱ ምላስ ጫፍ ላይ ይቀራል፣ ጉሮሮ ሲደርስ ባዶ ነው፤ ቢጫውም እንደ ብርቱካን ሶዳ ያበራል። ጠጅ ቤት ውስጥ ይህን በዓይንና በአፍንጫ መመርመር፣ ጣይዋንም መጠየቅ፣ ጋኑንም ግለጡልኝ ማለት ይቻላል። ጠርሙስን ማን ይመረምራል? መለያ ወረቀቱን ነው የሚያነቡት።

የጠላው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሆቴሉ ጠላ ስለሌለው ከዝርዝሩ በጸጥታ ወጥቷል፤ ጠላ ለእንግዳ ሆድ አይስማማም የሚል ማብራሪያም ተለጥፎለታል። ለአንዳንዱ ሆድ አይስማማም፣ እውነት ነው፣ ምክንያቱን ግን ማወቅ ነበር። ጠላ ጥንስሱ፣ አሻሮው (የተቆላው እህል)፣ ብቅሉና ጌሾው ተዋሕደው ድፍድፍ ከሆኑ በኋላ በውኃ ይሞላል፣ ከዚያ ይጠለላል። ጣጣው ያቺ የመጨረሻዋ ውኃ ናት። ከቧንቧ ቀጥታ ከገባች፣ ጠላውም ሳይሠራባት ቶሎ ከተቀዳ፣ የሩቅ አገር ሆድ ይከፍላታል። ፈልታ የቀዘቀዘች ከሆነች፣ ጠላውም ሁለት ቀን ሠርቶባት ከሆነ፣ ስጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ «ውኃው ፈልቷል? መቼ ሞላሽው?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። በአማርኛ፣ በትሕትና፣ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት።

ሁለተኛው የጠላ ጣጣ ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሳቸው የአስጎብኚዎቹ ነው። ጠላ የቀን መጠጥ ነው። ጠዋት የተከፈተ እንስራ ሲመሽ የቀረው ከታችኛው ነው። እነሱ ግን እራት አብልተው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንግዳቸውን እየመሩ ይመጣሉ። ምን ሊቀዳላቸው ነው? አተላው ተቃርቧል፣ ወይ ቅራሪ ይሰጣቸዋል፣ ጎምዛዛ። እንግዳው አንድ ጊዜ ጎንጭቶ ያስቀምጠዋል፣ አስጎብኚውም «የውጭ ሰው ጠላ አይወድም» ብሎ ይመዘግባል። ቀድሞ ቢመጣ ግን ጉሹንና የጠራውን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምሰው ነበር። ጉሹ አልኮሉ ቀለል ያለ ነው፣ ከ2 እስከ 4 በመቶ፤ በደንብ የተጣራው 5 እና 6 ይደርሳል። የአሻሮው የጢስ ጣዕም የሚታወቀውም ያኔ ነው።

ምሽቱ ታዲያ እንዴት ይሂድ? የጉብኝቱን ወረቀት መገልበጥ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ስድስት ኪሎ፣ የሰማዕታት ሐውልት። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሙታን መታሰቢያ ፊት አረቄ አረቄ እየሸተቱ መቆም ነውር ነው፤ ይህ ቦታ ከመጠጡ በፊት እንጂ በኋላ አይታይም። 11 ሰዓት ላይ ጠላ ቤት። በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ጥቂት አልፎ እስከ ሩብ ጉዳይ ለ1 ነው፣ ከጠለቀች በኋላም ጨለማው አይዘገይም። ስለዚህ ፒያሳ መድረስ ያለበት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ የአድዋ ድል መታሰቢያና ጊዮርጊስ ብርሃኑ ሳያልቅ ይታዩና ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ቸርችል ጎዳናን ወደ ለገሃር በእግር፣ መብራቱ ሲበራ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጠጅ ቤት ከምግብ ጋር። 3 ሰዓት ላይ መኝታ። እንጦጦን በዚሁ ምሽት ውስጥ የሚጎነጉኑ ሰዎች ፀሐይዋን የሚያዩዋት በመኪና ሰልፍ መሀል በመስኮት ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ለብቻው ማለዳ ይሰጠው።

ወረቀቱን ሲያስተካክሉ ሰፈሩንም ያስተካክሉ። ዶሮ ማነቂያ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ፈርሰዋል። አሁንም «ከዚያ ጥግ ያለው ጠጅ ቤት» ብሎ እንግዳ ይዞ ባዶ ሜዳ ላይ የሚቆም አስጎብኚ አለ። ቤቶቹ ተነሥተው ሌላ ሰፈር ገብተዋል፤ ከሳምንት ሳምንት በእግር ዞሮ ማየት ይጠይቃል። ለነገሩ የሆቴል ቅምሻ ዋናው መስህቡ ይህ ይመስለኛል፦ አያስዞርም። ንጽሕና ተብሎ የተጠራው ነገር ሲገለጥ ስንፍና ነው።

ስለ መጠን አንድ ሒሳብ። ጠጅ ብዙ ጊዜ አልኮሉ ከ7 እስከ 11 በመቶ ነው። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ 10 በመቶ ጠጅ ቢሞላ 25 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው። 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ ቢራ ግን 16.5። ጣፋጭ ስለሆነ እንግዳው እንደ ጭማቂ ይገለብጠዋል፣ ከተማው ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ገና ትናንት ያረፈ ሰው ነው። ለሦስት ሰው ሦስት ብርሌ ይበቃል፣ ሦስቱም እየተቋደሱ። ባዶ ሆድ አይሆንም። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ሽሮና ቆሎ እንጂ ክትፎ ፈላጊ መሆን የለም። አስጎብኚውም ሾፌሩም ጠብታ አይቀምሱም። ዕድሜው 21 ያልሞላ እንግዳ አይቀዳለትም፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለአገር ሰው ብቻ የወጣ አይደለም። ለማይጠጣ ሰው ብርዝ አለ፣ ግን ብርዝ አድሮ ከሆነ መሥራት ጀምሯል። ለሙስሊም እንግዳ «ይህ ማርና ውኃ ብቻ ነው» ከማለት በፊት የዛሬ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

የደጋፊዎቹን ስጋት አረቄ ላይ ብቻ እሺ እላለሁ። ምንጩ ካልታወቀ ይቅር። ለመጠጥ የማይሆን የፋብሪካ አልኮል (ሜታኖል) የተቀላቀለበትን አረቄ ምላስም አፍንጫም አይለየውም፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። አውጪዋን የሚያውቅ አስጎብኚ በመጨረሻ ላይ ከግማሽ መለኪያ ያልበለጠ ያስቀምስ፤ የማያውቅ አይሞክረው። ይህ ግን ስለ አረቄ ነው። በአረቄ ጥፋት ጠጅና ጠላን አብሮ መቅጣት ፍርድ አይደለም።

ጠላ ቤት በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ይደፋበታል። ለመንገደኛው «ዛሬ ጠላ አለ» ማለት ነው፤ ሲያልቅ ይነሳል። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ ማስታወቂያ የትኛው የጉብኝት ድርጅት አለው? እዚያ ቤት ውስጥ ያለችው ጠማቂ ስለ ብቅል የምታውቀውን የሆቴሉ አስተናጋጅ አያውቀውም፣ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም፤ እሱ ከፍቶ ነው የሚቀዳው። ገንዘቡስ ለማን ይሂድ ቢባል?

የሆቴሉ ቅምሻ ይቀጥል ካሉ ይቀጥሉ። ግን ወረቀቱ ላይ «የታሸገ መጠጥ ምሽት» ብለው ይጻፉ። እንግዳው ጠርሙሱን አስቀምጦ «ጋኑ የት ነው?» ሲልም የሚመልሱትን ከአሁኑ ያሰናዱ።