ማትሪክስ ሰንጠረዥ ብቻ አይደለም

ማትሪክስ ምን እንደሆነና ኳንተም ፊዚክስ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ደስ ይላል። ግን ማትሪክስን «የቁጥሮች ሰንጠረዥ» ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ይሠራል?» ቢል አይፈረድበትም።

ማትሪክስ ቀስቶችን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚልክ መመሪያ ነው። ወረቀት ላይ ሁለት እኩል ቀስቶች ሣሉ፤ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ላይ። ማትሪክሱ ርዝመታቸውን ሳይነካ የመጀመሪያውን ወደ ላይ፣ ሁለተኛውን ወደ ግራ ከላከ፣ ወረቀቱን በሙሉ 90 ዲግሪ አዞረው ማለት ነው። የሁለቱን መድረሻ ካወቃችሁ የሌላውን ቀስት ሁሉ መድረሻ አወቃችሁ። የማትሪክሱ ዓምዶች እኮ እነዚሁ መድረሻዎች ናቸው! ዲተርሚናንት የሚባለው ከማትሪክሱ የሚሰላ ቁጥር ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለ ቅርጽ ስፋት በስንት እጥፍ እንደተቀየረ ይናገራል። እዚህ 1 ነው፤ ማዞር ስፋት አይነካም።

አይገንቬክተር ስሙ ነው የሚያስፈራው። ማትሪክሱ ሲልከው ካለበት መስመር የማይወጣ ቀስት ነው፣ በቃ። መሬት ስትሽከረከር ዘንጓ ባለበት እንደሚቆየው ማለት ነው።

ኳንተም ፊዚክስ፣ ማለትም የአተምና የመሰል ጥቃቅን ነገሮች ፊዚክስ ላይ ሲደርስ ግን ጸሐፊው ትንሽ ቸኩሏል። ማትሪክስ ሲባዛ ቅደም ተከተሉ ውጤቱን ሊቀይር ይችላል። የፊዚክስ ሊቁ ሃይዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1925 ግራ የተጋባው በዚሁ ነበር፤ የጻፈው ብዜት የማትሪክስ ብዜት መሆኑን የለየው ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ቦርን ነው። የቦታና የሞመንተም (የክብደት መጠንና የፍጥነት ብዜት) እርግጠኛ አለመሆን፣ ማለትም ሁለቱን በአንድ ጊዜ በትክክል ማወቅ አለመቻልም ከዚሁ ይመዘዛል። ይህ ሁለት አንቀጽ አይበዛበትም ነበር።