ጃርት ዋሻን ያላየን ሰዎች

ረቡዕ ከሰዓት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ኒም ዛፍ ሥር ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ባለቤቱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። አጠገባቸው ከመጋላ የመጡ የድሮ ባልደረባቸው ሐጂ፣ ከዚያ ጎረቤታችን የባዮሎጂ መምህር፣ ከዚያ እኔ። ቡናውን የምትቀዳው የጡረተኛው የልጅ ልጅ ናት፤ 12ኛ ክፍል ናት፣ ማትሪክ ደርሶባታል።

«ያቺ የዝግመተ ለውጥ ጥያቄ ከመጣች ዝለያት ብያታለሁ» አሉ አያት፣ እንደ ዋዛ።

መምህሩ ስኒውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ነጥብ ነው እኮ!»

«ከዝንጀሮ መጣሁ ብላ ከምታጠቁር ነጥቡ ይቅርባት።»

«ከዝንጀሮ ነው ያለው ማን ነው? በሩቅ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው የሚባለው። የአክስትዎ ልጅ ከእርስዎ አልተወለደም፤ የምትገናኙት በአያት ነው።»

«አክስቴን ከዚህ አውጣልኝ!»

ሳቅን። (መምህሩ መጤ ነው፤ አንቱታውን አልተወም። ሐጂ ግን የድሬ ልጅ ናቸውና ሁሉም ሰው ለእሳቸው «አንተ» ነው።)

ጡረተኛው ወደ ባሕረ ሐሳብ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ፣ ገቡ። «5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር፤ ዓመተ ዓለም ይኸው ነው። አንተ ለሉሲ 3.2 ሚሊዮን ትለኛለህ። የት ይገናኛል?»

መምህሩ ዓይኑ በራ። በ1974 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ ያለችበት ደለል የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች አሉት፤ በአመዱ ያለ ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመው አርጎን ተለክቶ ዕድሜው ይታወቃል አለ። ጡረተኛው በጥሞና ሰሙት። የባቡር ሰው ናቸው፤ ስለ መለኪያ ሲወራ ጆሯቸው ይቆማል።

«አዳም ከጭቃ መፈጠሩን አልጠራጠርም» አሉ ሐጂ። «ዘመኑን ግን ቁርኣን ቆጥሮ አልሰጠኝም። በጌታህ ዘንድ አንድ ቀን እናንተ ከምትቆጥሩት ሺህ ዓመት ነው ይላል።»

«ጴጥሮስም ብሎታል!» አሉ ጡረተኛው፤ ሁለቱ አብረው መምህሩን ከበቡት። ያ መምህር ደግሞ የረቡዕ ጾመኛ ነው። ከሃዲ አስመስለው ሲያፋጥጡት፣ በጾም ከእኔ የሚሻል ሰው ነው እያልኩ በሆዴ አዘንኩለት።

ቢቸግረው ወደ ቅርብ መጣ። «ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለላችሁ...»

«ጃርት ማለት ነው» አሉ ጡረተኛው በባቡር ፈረንሳይኛቸው፣ እንደ ባለንብረት።

«እሺ፣ ጃርት። በ1933፣ አሁንም በፈረንጅ፣ ተቆፍሮ የሰው መንጋጋ ወጥቶበታል። 40 ኪሎ የሚሆን ቀለም አፈርም ተገኝቶበታል፤ 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው ዕድሜው። ዋሻውን ለዓለም ካሳወቁት አንዱ ቴያር ደ ሻርዳን የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ዝግመተ ለውጥንም ፈጣሪንም ይዞ የኖረ።»

«ቤተ ክርስቲያኑስ ምን አለችው?»

መምህሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሳቡን እንዳያሳትም ከለከለችው። መጻሕፍቱ የወጡት በፈረንጅ 1955 ከሞተ በኋላ ነው።»

«አየህ!»

ሐጂ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ልጄ፣ መጽሐፉ የሚለውን ፊደል አጥቁሪና ውጪ። ፈታኙ ሃይማኖትሽን አልጠየቀሽም።» ነገሩ በረደ፤ ፈንዲሻ ዞረ።

ያኔ ልጅቷ፣ «ዋሻውን ያየው ማነው?» አለች። ማንም። ለዓመታት ያስተማረበት መምህርም።

እኔ በአጥንቱ ጉዳይ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ ሽማግሌውን ሳያሳምን ቡናው አልወርድ ማለቱ ግን አልተመቸኝም። ለእሳቸው 5500 የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በዓላቸውና ጾማቸው የሚወጣበት ሐሳብ ነው፣ በአርጎን አይነቀልም። እሳቸው ደግሞ እምነታቸውን ለማንም እንዲሰጡ የጠየቃቸው ሳይኖር፣ ልጅቷን ሳታውቀው ዝለይው ማለታቸው ልክ አይደለም። ይበልጥ የከነከነኝ የሐጂ ምክር ነው። ሰላም አውርዷል፤ ግን ሳይገባት አጥቁራ ብትወጣ ከመዝለሉ በምን ተሻለ? ብዙዎቻችን በዚያ መንገድ ነው ያለፍነው፤ እኔን ጨምሮ።

ለእሑድ ዋሻው ጋ ለመሄድ ተቀጣጥረናል። ጡረተኛው ጉልበቴ አይችልም አሉና ትንሽ ቆይተው፣ በስንት ሰዓት እንደምንነሳ ጠየቁ። «ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ» አሉ።