በ52 ነው ወይስ በ60?

ጎግል ወደ ሰፈራችን ከመግባቱ በፊት ሥራውን ደርበው ይሠሩልን የነበሩት አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ እንበላቸው። የወንዝ ምንጭ የጠፋበት ተማሪም ሆነ የማመልከቻ መዝጊያ ያጣ ጎልማሳ የሚሄደው ወደ እሳቸው በረንዳ ነበር። መልሱ ታዲያ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በመጀመሪያ የቤተሰቡ ደኅንነት አንድ በአንድ ይጠየቃል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከዚያም ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው ሲያበቁ ማንም ያልጠየቃቸውን አራት ነገር አብራርተው ወደተጠየቁት ይመለሳሉ፤ አንዳንዴም ሳይመለሱ ይመሻል።

ዛሬ በረንዳው ጭር ብሏል። ሁሉም ጥያቄውን የሚያቀርበው ለስልኩ ነው። እኔም አልቀረሁም፤ አንድ ምሽት ራሴን ቢያመኝ ስልኬን ጠይቄ መድኃኒት የሌላቸው ሦስት በሽታዎች እንዳሉብኝ ከተረዳሁ በኋላ ኑዛዜዬን ሳሰላስል አድሬ፣ ጠዋት ቡና ስጠጣ ሦስቱም ለቀቁኝ።

ባለፈው የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ግን ጋሼ እኛ ቤት ቡና ሊጠጡ መጡና ወሬው ወደ አበበ ቢቂላ ዞረ። «ሮም ላይ ያሸነፈው በ52 ዓመተ ምሕረት፣ ልክ በዛሬዋ ቀን ነው» አሉ። የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ኧረ ጋሼ፣ በ60 ነው፤ መስከረም 10 ይላል» አላቸው። «መስከረም 10ማ ደመራ ሊደርስ ነው! እኔ ዜናውን የሰማሁት በእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። የኖርኩበት እኔ ነኝ ወይስ ስልክህ?»

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960 የሚባለው ቀን በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። ይህንን ላስረዳ ብነሣ ሁለቱ ተባብረው ዝም አሰኙኝ። ሰው ሲከራከር አስታራቂ የሚጠላው ለካ ክርክሩን ስለሚጨርስበት ነው።

በነገራችን ላይ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 (በፈረንጆቹ፤ ጠቡ እንዳይደገም) ጎግልን ሲመሠርቱ ይዘውት የተነሡት ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንድን ገጽ ስንት ሌሎች ገጾች እንደሚጠቁሙት ይቆጠራል፤ ጠቋሚው ራሱ በብዙዎች የተጠቆመ ከሆነ ደግሞ የእሱ ጥቆማ ከሌላው ይልቅ ሚዛን ይደፋል። እኛስ ሽማግሌ የምንመርጠው እንዲሁ አይደለምን? ከመልሱ በላይ የሚደረደሩት ማስታወቂያዎችም ቢሆኑ፣ በደላላ ቤት የተከራየ ሰው አይደነግጥባቸውም።

ወደ ቡናው ልመለስ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንዱ፣ በባዶ እግሩም ላይ ተስማሙ። ቀጥሎ ልጁ፣ «ደረቱ ላይ የለጠፈው ቁጥር 11 ነበር» ቢላቸው ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ይህንን አያውቁም ነበር። ጥቂት ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ የሚቀጥለው የፀሐይ ግርዶሽ መቼ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉት።

ልጁ ጻፈ። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው ስልኩን ሲያዩ «ጸሀይ» የሚል አነበቡ። «ይህ ምንድን ነው? በፀሐዩ ‹ፀ›፣ በሐመሩ ‹ሐ› ነው እንጂ!» ልጁ ለውጥ እንደሌለው ሊያስረዳ ሞከረ፤ እሳቸው ግን ይህንን ቃል ብቻ በትንሹ በስድስት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል፣ ከ1999 (ይህም በፈረንጆቹ) ወዲህ ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚለይበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ እነዚህ ፊደላት ለየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ለማሽኑ ሁሉም የተለያዩ እንደሆኑ ከእኔ ሲሰሙ፣ «አየህ፣ እሱ እንኳ ይለያል» ብለው በኩራት ተነፈሱ።

«ደግሞም» አሉ፣ «አጥፋውና እንደገና ጻፈው፤ ጤና ይስጥልኝ ብለህ ጀምር።»

«ጋሼ፣ እሱ ሰላምታ አይፈልግም።»

«ሰላም ብሎት የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።»

በረካው ሲቀዳ ገና ከሰላምታው አላለፉም ነበር።