ማስተካከያ፦ ስለ ኔትወርክ ሽፋንና ስለ ኢንተርኔት ተጠቃሚነት

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ስላለው የብሮድባንድ (የፈጣን ኢንተርኔት) ተደራሽነት ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ፣ የሞባይል ኔትወርክ በሚደርስበት አካባቢ የሚኖር ሰው ሁሉ የኢንተርኔት ተጠቃሚ እንደሆነ ተደርጎ የተገለጸው በሚከተለው መልኩ ይስተካከል።

በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አለካክ መሠረት ሽፋን የሚባለው ሲግናል በሚደርስበት ክልል የሚኖረው ሕዝብ ድርሻ ሲሆን፣ ተጠቃሚ የሚባለው ግን ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው ነው። የደንበኞች ቁጥርም ቢሆን የሚቆጥረው ሲም ካርድን እንጂ ሰውን አይደለም። በዘጌ ጀልባ እየጠበቀ ባለ ቁልፍ ስልኩ ላይ ሁለት ሲም ያስገባ የቡና ነጋዴ በሽፋን አንድ፣ በደንበኝነት ደግሞ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ ኢንተርኔት ከፍቶ የማያውቅ ከሆነ ግን ከተጠቃሚዎች ቁጥር አይገባም። በሽፋንና በተጠቃሚነት መካከል ያለው ልዩነት ከስማርት ስልክ ዋጋ፣ ከመብራት፣ ከንባብ ችሎታና በአማርኛ ከሚገኘው ይዘት ማነስ ጭምር የሚመጣ በመሆኑ የኔትወርክ ማማ በመትከል ብቻ አይዘጋም (ጽሑፉ ስለ ማማዎች ብዙ ብሎ ስለ ስልክ ዋጋ ዝም ማለቱ ተገቢ አልነበረም)።

ዋጋን በተመለከተ፣ የብሮድባንድ ዋጋ ከወርሃዊ ገቢ እንዳይበልጥ የተባለበት ጣሪያ ሆኖ በጽሑፉ የተጠቀሰው 5 በመቶም የቆየ ነው። ኅብረቱና ዩኔስኮ ያቋቋሙት የብሮድባንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ያስቀመጠው ይህ ጣሪያ በ2018 ተሻሽሎ፣ የመነሻ ብሮድባንድ አገልግሎት ዋጋ እስከ 2025 ከነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ብሔራዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ ተቀምጦ ነበር። መለኪያው አገራዊ አማካይ ስለሆነ፣ በደቅ ደሴት ያለ ዓሣ አስጋሪ ከገቢው ለዳታ የሚያወጣውን ድርሻ አያሳይም።