ልብሱን ግለጡትና ደረቱን እዩት

ደሴ ውስጥ ልጅ ካሳለ መልሱ አንድ ነው፤ «ብርድ ነው»። አይፈረድብንም። ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው የምንኖረው። ኮምቦልቻ በካናቴራ የዋለ ሰው እንኳ ወደኛ የሚያመጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ጃኬቱን ይፈልጋል። ስለዚህ ልጅ ሲያስለን በሹራብ ላይ ሹራብ፣ ከዚያ ጋቢ እንደርብበታለን። የኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ከተጠቀለለ በኋላ ደረቱን ማን ያየዋል?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ሦስት ቀን ሳለ። ዘጠኝ ወሩ ነበር። ጎረቤታችን «አብሽሪ እታለም፣ ብርድ ነው፤ ጥርስም ሊያወጣ ይሆናል» አለቻት። እህቴም አብሽራ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ጡት ሲሰጡት ሁለቴ ስቦ ይለቅ ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው ልብሱን መግለጥ ነበር። ማዳመጫውን አልነካችም። እናቱ እቅፍ ውስጥ ዝም እስኪል ጠበቀች፤ ከዚያ ሰዓቷን ይዛ፣ ሆዱና ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር ቆጠረች። አንድ ደቂቃ ሙሉ። «58» አለች። ሳንባ ምች ነበር።

ይህን እኛም ቤታችን ማድረግ እንችላለን። ልጁ ሳያለቅስ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነው የሚቆጠረው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ወይም በላይ ከተነፈሰ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባትም መጠጣትም ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም።

ግን ሁሉም ሳል ሳንባ ምች አይደለም። አብዛኛው ጉንፋን ነው፤ የሚያመጣው ቫይረስ ስለሆነ ባክቴሪያ የሚገድለው አሞክሳሲሊን አይነካውም። ከታላቁ ልጅ የተረፈውን መድኃኒት ለታናሹ ማጠጣት ይቅርብን። ጡት ቶሎ ቶሎ፣ ፈሳሽ በርከት አድርጎ መስጠት ይበቃል። ዓመት ለሞላው ማር ጥሩ ነው፤ ላልሞላው ግን አይሰጥም። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቆረጥማ ጭራሽ! ትርፉ ደም መፍሰስና ቁስል ማመርቀዝ ነው።

ስለ ጭሱም ልናገር፤ ቡና ጠጪዎች አትቀየሙኝ። ብርዱን ፈርተን በሩን እንዘጋለን። ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። የሚያስለው ልጅ ከአቦል እስከ በረካ እዚያው ጭሱ መሐል ይቀመጣል። ከሰሉ ውጭ ይያያዝ፤ በሩም ገርበብ ይበል። የሳንባ ምች ክትባትም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነፃ ይሰጣል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። ካርዱን አንዴ ገልጣችሁ እዩት።

የእህቴ ልጅ የታዘዘለትን አሞክሳሲሊን እየተሟሟለት ወሰደ፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ታየ፤ ዳነ። አሁን ባሳለ ቁጥር እህቴ ሹራቡን ትገልጣለች። ጎረቤታችን «ኧረ ብርድ ይመታዋል!» ብላ ትጮኻለች። እህቴ አትመልስላትም። ቁጥሩ ይጠፋባታላ።