አረፋው ቧንቧ አይከፍትም

እህቴ፣ «ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ሲደባለቁ አረፋው የተደፈነ ሲንክ ይከፍታል» ያልሽው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚቀረው ጨው ያለበት ውሃ ነው። የረጋ የወጥ ቅባትና የቡና አተላ በዚህ አይበገርም።

ብዙ ጊዜ የሚደፈነው ሲፎኑ ነው፤ ከሲንኩ ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ። ባልዲ ከሥሩ አድርጊና ፍቺው። የፕላስቲክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይፈታል። ጥርግ አድርገሽ እጠቢው፣ ስትመልሺው ጎማው ቦታውን እንዳይስት።

አንድ ነገር አደራ! የቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል ጨምረሽ ከሆነ ሲፎኑን አትፍቺ፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። በረኪና ከነበረበት ደግሞ አቼቶ ፈጽሞ እንዳትጨምሪ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።